የመስከረም አበባ በመቀስ

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ዕለት በ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ስም የተደረገ ንግግር)



ከእኛ በፊት የተናገሩት ጓደኞቻችን ስለ ሳይንስና ስለ ታሪክ፣ ስለ ወደፊቱም ዕድላችን ከፍ ያለ ነገር አሰምተውናል። እኛ ግን የመጣነው ስለ መቀስና ስለ አሮጌ ወረቀት ልንናገር ነው። ነገሩ ትንሽ መስሎ ቢታያችሁ አንቀየምም፤ ዓመቱ ሲጀመር ለእኛም ትንሽ መስሎን ነበርና።

ነገሩ የተጀመረው እንዲህ ነው። ከትምህርት ቤታችን አጠገብ በሚገኝ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የ1ኛ ክፍል ልጆችን የሚያስተምሩ መምህርት ቅዳሜ ቅዳሜ መጥተን እንድንረዳቸው ጠየቁን። እኛም ፊደል ማስቈጠር ቀላል ሥራ መስሎን ስድስት ሆነን ሄድን። ከክፍሉ ስንገባ ግን ያየነው ነገር አሳብ ላይ ጣለን። እንደሚታወቀው በ2012 ዓ.ም. በመጋቢት ወር በወረርሽኙ ምክንያት በአገሩ ሁሉ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው ነበር። በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ በክልላችን ከተነሣው ግጭት ወዲህ ደግሞ በከተማም በገጠርም ብዙ ትምህርት ቤቶች ደጃቸው ተዘግቶ ከርሟል። ከዚህም የተነሣ በአንድ ወንበር ላይ የሰባት ዓመት ሕፃንና የዐሥር ዓመት ልጅ ጐን ለጐን ተቀምጠው አገኘን። ከትልልቆቹ አንዳንዶቹ እርሳስ ሲይዙ በመዳፋቸው ጨብጠው እንደ ዘነዘና ነበር። ጥቂት ሲጽፉ ጣታቸው ይደክማል፤ ታናናሾቻቸው ሲስቁባቸው ደግሞ ያፍራሉ፤ ካፈሩም በኋላ እጃቸውን ከጠረጴዛው በታች ይደብቃሉ። እነዚህ ልጆች የጐደላቸው አእምሮ አልነበረም። የጐደላቸው ለእጃቸው ልምምድ የሚሆን ጊዜ ነበር።

መምህርቷም «ከእርሳሱ በፊት መቀስ ስጧቸው፤ መቀስ ጣትን ያፍታታል» አሉን። ይህ ምክር ትክክል መሆኑን ለማወቅ የራሳችሁን እጅ መመልከት ይበቃል። መቀስ ሲከፈትና ሲዘጋ የሚሠሩት ጣቶች አውራ ጣት፣ ሌባ ጣትና የመሐል ጣት ናቸው። እርሳስንም የሚይዙት እነዚሁ ሦስቱ ናቸው። ደግሞም መቀስ የያዘ ልጅ በአንዱ እጁ ሲቈርጥ በሌላው ወረቀቱን ያዞራል፤ ስለዚህ ሁለት እጁ ተስማምተው መሥራትን ይማራሉ፤ ዓይኑም መስመርን መከተል ይለምዳል።

እኛም በሚቀጥለው ቅዳሜ ተዘጋጅተን ሄድን። ዝግጅታችን ግን ከአንድ የውጭ አገር የሕፃናት መጽሐፍ የተቀዳ ነበር። መጽሐፉ «የመጸው ወራት የወረቀት ሥራዎች» የሚል ምዕራፍ ስለ ነበረው፣ ጊዜው መስከረም ነውና ይስማማል ብለን ሥዕሎቹን እንዳሉ ገለበጥናቸው። አምስት ጣት ያለው የሚመስል ቀይ ቅጠል፣ ፊት የተቀረጸበት ዱባ፣ ቅጠሉ የረገፈ ባዶ ዛፍ ነበሩ። ለልጆቹ ካደልን በኋላ አንድ ልጅ ቅጠሉን አገላብጦ አየና፣

«ጋሼ፣ ይኼ የምን ዛፍ ነው?» አለ።

«የፈረንጅ አገር ዛፍ ነው» አልነው።

«ታዲያ በመስከረም ምን ሆኖ ደረቀ?»

የምንመልሰው አጣን። ሌላዋም ደግሞ ዱባው ለምን እንደሚስቅ ጠየቀችን፤ ለእርሷም መልስ አልነበረንም። በመስኮቱ በኩል ወደ ውጭ ብናይ ሜዳው ሁሉ ለምለም ነው፤ ከአጥሩ ሥር አደይ አበባ ፈክቷል። በወረቀቱ ላይ ግን ዛፉ ሁሉ ራቁቱን ቆሟል። ልጆቹም ወረቀቱን እንደ ነገሩ ቈራርጠው ጣሉት። ልናዝንባቸው አይገባም፤ ዓይናቸው የማያውቀውን እጃቸው እንዲቈርጥ የጠየቅነው እኛ ነን።

በዚያ ሳምንት የሳይንስ መጽሐፋችንን ገልጠን የሕፃኑን ጥያቄ መልስ ፈለግን። በሰሜን አገሮች መጸው ሲገባ ቀኑ በፍጥነት ያጥራል፤ ብርዱም ይበረታል። በዚያን ጊዜ ብዙዎቹ ዛፎች ለቅጠላቸው አረንጓዴነትን የሚሰጠውን ክሎሮፊል መሥራት ያቆማሉ፤ እርሱ ሲጠፋ በቅጠሉ ውስጥ ተሸፍኖ የነበረው ቢጫ ቀለም ይገለጣል፤ በአንዳንዱም ቀይ ቀለም አዲስ ይሠራል፤ በመጨረሻም ቅጠሉ ይረግፋል። የእኛ ጎንደር ግን ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን 12 ዲግሪ ከምናምን ያህል ብቻ ስለምትርቅ የቀንዋ ርዝመት በክረምትና በበጋ ያን ያህል አይለያይም። ለእኛ ወቅትን የሚለውጠው ዝናሙ ነው። በአባቶቻችን የዘመን አቆጣጠር መጸው ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 25 ያለው ጊዜ ነው፤ ከዚያም ውስጥ እስከ ኅዳር 5 ያለው ወርኀ ጽጌ፣ ማለትም የአበባ ወር ይባላል። እንግዲህ በዚያው በአንድ ሰሞን በእነርሱ አገር ቅጠል ሲረግፍ በእኛ አገር አበባ ይታያል ማለት ነው። ይህን ካወቅን በኋላ የተቀዳውን ሥዕል ትተን የራሳችንን መጸው ለመቍረጥ ወሰንን።

አሁን ስለ ዕቃዎቹ እንናገር። መቀስ በመጀመሪያ አንድ ብቻ ነበረን፤ ልጆቹ ግን ከሠላሳ በላይ ነበሩ። ስለዚህ በበረንዳ ላይ ከሚሠሩ አንድ ሽማግሌ ልብስ ሰፊ ዘንድ ሄደን መቀሳቸውን እንዲያውሱን ለመንናቸው። እርሳቸውም ስቀው «ልጆቼ፣ ጨርቅ የሚቈርጥ መቀስ አንድ ጊዜ ወረቀት ከቀመሰ ለጨርቅ አይመለስም» አሉን። ነገር ግን ባዶ እጃችንን አልሰደዱንም፤ ለጨርቅ የደነዙ ሁለት አሮጌ መቀሶች ከመሳቢያቸው አውጥተው በድንጋይ ላይ እንዴት እንደሚሳሉ አሳዩን። ከየቤታችን የተገኙት ሲጨመሩ ሰባት ሆኑ። ልጆቹን በቡድን ከፍለን ሲቈርጡ የሚጠብቁት ሌሎቹ እንዲያጥፉ፣ እንዲቀቡና እንዲለጥፉ አደረግን።

ወረቀቱ ምንም ገንዘብ አላስወጣንም። ያለፈ ዓመት የፈተና ወረቀት፣ ያለቀ ደብተር፣ አሮጌ ጋዜጣ ሁሉ ይሆናል። ወፈር ያለ ሲፈለግ የሲሚንቶ ከረጢት ጥሩ ነው፤ ከረጢቱ ብዙ ንብርብር ስላለው ሲሚንቶ የነካውን የውስጡን ትቶ ንጹሑን መሐለኛ መውሰድ ይገባል። ሙጫው ከስንዴ ዱቄትና ከውኃ በእሳት ላይ ተማስሎ ይሠራል። ቢጫ ቀለም በውኃ ከተበጠበጠ እርድ ይገኛል። ለቀይ ቀለም በመጀመሪያ በርበሬ ቀላቅለን ነበር፤ ነገር ግን አንዲት ልጅ በዚያው እጅዋ ዓይንዋን አሽታ አስለቀሰቻት፤ እኛንም አስደነገጠችን። ከዚያ ቀን ጀምሮ በበርበሬ ፈንታ በቀይ አፈር እንጠቀማለን፤ እናንተም ስሕተታችንን እንዳትደግሙ ነግረናችኋል።

ስለ አያያዙም ሦስት ሕግ አወጣን። አንደኛ፣ መቀስ የሚቀበል ሰው እጀታውን እንጂ ስለቱን አይቀበልም፤ የሚሰጠውም ስለቱን ገጥሞ በመዳፉ ይይዛል። ሁለተኛ፣ መቀስ የያዘ አይሮጥም። ሦስተኛ፣ ጠመዝማዛ ሲቈረጥ የሚዞረው ወረቀቱ ነው እንጂ መቀሱ አይደለም። ግራ እጁን የሚቀናውን ልጅም ወደ ቀኝ እንዲለውጥ አላስገደድንም። የተለመደው መቀስ ለቀኝ እጅ የተሠራ ስለ ሆነ በግራ ሲያዝ የሚቈረጠውን መስመር ይሸፍናል፤ ስለዚህ እንዲህ ላለው ልጅ ትዕግሥትና ሰፋ ያለ መስመር ያስፈልገዋል።

ሥራዎቹ አራት ናቸው፤ ከቀላሉ ወደ ከባዱ በተራ እንነግራችኋለን።

1ኛ. ጅብራ። ጅብራ በሰሜን ተራሮች ከ3,000 ሜትር በላይ ባለው ብርዳም ደጋ የሚበቅል፣ ረጃጅም ቅጠሎቹ እንደ ዘውድ የተሰበሰቡ ተክል ነው። ዓመታት ቆይቶ አንድ ጊዜ ብቻ ያብብና ይሞታል። ለመሥራት ክንድ የሚያህል ርዝመትና አራት ጣት የሚያህል ስፋት ያለው ወረቀት ይወሰዳል። ልጁ በአንዱ ጐን እስከ መሐሉ አልፎ አልፎ ቈረጥ ቈረጥ ያደርገዋል፤ ሌላውን ጐን ግን አይነካም። ያልተቈረጠው ወገን ሙጫ ተቀብቶ በእንጨት ጫፍ ላይ ይጠመጠምና የተቈረጠው ወደ ውጭ ይታጠፋል። ይህ ሥራ መስመር መከተል ስለማይፈልግ መቀስ ለማያውቅ እጅ ከሁሉ ይቀላል። የከተማችን ልጆች ጅብራን አላዩትም ነበር፤ ከደባርቅ በኩል የመጣች አንዲት ልጅ ግን ገና ሳንጨርሰው ስሙን ጠራችው። ከዚያ በፊት በክፍሉ ውስጥ ድምፅዋን ሰምተን አናውቅም።

2ኛ. የብሳና ቅጠል። የፈረንጁን ቀይ ቅጠል የፈለገ ሰው ብሳናን ይመልከት። ቅጠሉ የልብ ቅርጽ አለው፤ ሲያረጅም ሳይረግፍ በፊት ወደ ብርቱካን ቀለም ይለወጣል። ከሲሚንቶ ከረጢት የተገኘው ወረቀት ለሁለት ይታጠፍና በእጥፋቱ በኩል የልብ ግማሽ ይሣላል፤ ከተቈረጠ በኋላ ሲዘረጋ ሙሉ ቅጠል ይሆናል። ልጆቹ ግማሹን ቈርጠው ሙሉውን ሲያገኙ እጅግ ይደነቃሉ። በዚሁ መንገድ የቢራቢሮ ክንፍ፣ እንዲሁም በደብረ ብርሃን ሥላሴ ጣራ ላይ እንደ ተሣሉት ዓይነት ክንፍ ያለው የመልአክ ፊት ሊሠራ ይችላል።

3ኛ. አደይ አበባ። አራት ማዕዘኑ እኩል የሆነ ወረቀት ለሁለት ይታጠፋል፤ እንደገናም ለሁለት ይታጠፋል፤ ሦስተኛ ከማዕዘን ወደ ማዕዘን ይታጠፍና ሦስት ማዕዘን ይሆናል። እጥፋቶቹ ሁሉ የሚገናኙበት ሹል ጫፍ የአበባው እምብርት ስለ ሆነ መቀስ አይነካውም። ከእርሱ ፊት ለፊት ያለው ሰፊው ወገን እንደ ጥፍር ክብ ሆኖ፣ ከሁለቱ ጠርዞች ዘንድ ዝቅ ከመሐሉ ከፍ ተደርጎ ይቈረጣል። ሲዘረጋ ስምንት ቅጠል ያለው አበባ ይወጣል። በእርድ ቀብታችሁ መሐሉን በቀይ አፈር ነካ አድርጉት።

4ኛ. አበባ የያዙ ልጃገረዶች። ረጅም ወረቀት እንደ ማራገቢያ ወዲያና ወዲህ ይታጠፋል። በላዩ አንዲት ልጃገረድ እጆችዋን ወደ ጐን ዘርግታ ትሣላለች፤ የእጆችዋ ጫፍ በግራና በቀኝ ያለውን እጥፋት መንካት አለበት። ዙሪያዋ ሲቈረጥ እጅ ለእጅ የተያያዘው ቦታ እንዳይቈረጥ መጠንቀቅ ነው። ወረቀቱ ሲዘረጋ በእንቁጣጣሽ ቀን «አበባየሆሽ» እያሉ በየደጁ እንደሚዞሩት እኅቶቻችን ተያይዘው ይቆማሉ።

በሦስተኛው ሥራ ላይ የሆነውን ሳንነግራችሁ ልናልፍ አንወድም። ከልጆቹ መካከል እርሳስ አልይዝም ብሎ እጁን የሚደብቅ የዐሥር ዓመት ልጅ ነበር። ትምህርት ቤቱ በተዘጋበት ጊዜ ከብት ሲጠብቅ ቆይቷል። መቀሱን ሲቀበል ጮቤ ረገጠ፤ ነገር ግን ከመቸኰሉ የተነሣ የማይነካውን ጫፍ ቈረጠው፤ ሁለቱንም ጠርዝ ጨመረበት። በዘረጋው ጊዜ አበባው ቀርቶ ስምንት ቍርጥራጭ ጭኑ ላይ ወረደ። ክፍሉ ሳቀ። ልጁም ሊነሣ ሲል መምህርቷ ምንም ሳይሉ አንድ የጠርሙስ ቆርኪ አምጥተው በወረቀት ላይ በእርሳስ አዞሩና «በል፣ በዙሪያው ልጥፋቸው» አሉት። ለጠፋቸው። እያንዳንዱን ቅጠል በየተራ ቀና እያደረገ ስለ ለጠፈው ከሁላችን አበባ ይልቅ የእርሱ እውነተኛ አደይ መሰለ። ለካስ እረኛ ሳለ በትሩን በቢላዋ እየቀረጸ ማስጌጥ ይወድ ኖሯል፤ እጁ ሥራ ያውቅ ነበር፤ እኛ ግን እርሳስ ብቻ አቅርበንለት እጁ ሥራ የማያውቅ መስሎን ነበር። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ አራተኛውን ሥራ ከሁሉ ቀድሞ የፈጸመው እርሱ ነው። የዓመቱ መጨረሻ ሲቃረብ ከአበባው ሥር ስሙን ጻፈ፤ ሦስት ፊደል ነው፤ የመጨረሻው ፊደል ተገልብጧል። መምህርቷ አላረሙትም፤ ግድግዳው ላይ እንዳለ ሰቀሉት።

አንዳንድ ሰዎች «ልጆቹ ብዙ ጊዜ አልፎባቸዋል፤ አሁን ደግሞ በወረቀት ቈረጣ ሰዓት ይባክናል ወይ?» ብለው ጠይቀውናል። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሳችን ግን አባቶቻችንም በዚሁ ሥርዓት ይሄዱ ነበር የሚል ነው። የብራና ጸሐፊ ለመሆን የሚማር ሰው ከመጻፉ በፊት ቆዳውን ይወጥራል፣ ይፍቃል፣ ይቈርጣል፤ ብርዑንም ከመቃ ወይም ከሸንበቆ ራሱ ይቀርጻል። ፊደሉ የሚመጣው እጁ ስለት ካወቀ በኋላ ነው። ወረቀትን ለዓለም ያበረከተችው ቻይናም የወረቀት ቈረጣን ከእናት ወደ ልጅ ስታስተላልፍ ኖራለች፤ ጥበቡም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2009 በዩኔስኮ የቅርስ መዝገብ ገብቷል። ስመ ጥሩው የፈረንሣይ ሠዓሊ ማቲስም በ1941 ከባድ ቀዶ ሕክምና ከተደረገለት በኋላ እንደ ቀድሞው ቆሞ መሣል ስለ ተሳነው ቀለም የተቀባ ወረቀት በመቀስ እየቈረጠ ሥራውን ቀጠለ፤ እንዲህ የተሠሩ ሥዕሎቹም በ1947 በመጽሐፍ ታትመዋል። ብሩሽ ላስቸገረው ሽማግሌ መቀስ መውጫ ከሆነው፣ እርሳስ ላስቸገረው ሕፃን መግቢያ ቢሆነው ምን ያስደንቃል?

እንግዲህ ንግግራችንን ከመፈጸማችን በፊት ሦስት ልመና አለን።

መምህራኖቻችን ሆይ፤ የታረሙ የፈተና ወረቀቶች ጊዜያቸው ሲያልፍ እንዳይቃጠሉ ለእኛ ይቀመጡልን። ውጤታችን ጥሩ ባልሆነባቸው ወረቀቶች ላይ አበባ ቢወጣባቸው እኛም ደስ ይለናል።

ታናናሽ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ሆይ፤ እኛ በዚህ ዓመት ትምህርታችንን ጨርሰን እንሄዳለን፤ ሰባቱ መቀሶች ግን በጨርቅ ተጠቅልለው በመምህርቷ ሣጥን ይቀመጣሉ። ቅዳሜ ሁለት ሰዓት ላይ የሚቀበላቸው እጅ ያስፈልጋል። ብልሃተኛ መሆን አያስፈልግም፤ ሳይሰለቹ መመላለስ ብቻ ይበቃል።

ወላጆቻችን ሆይ፤ ጥንት በእንቁጣጣሽ ልጆች በእጃቸው የሣሉትን አበባና መልአክ ይዘው በየቤቱ ሲዞሩ ዳቦና ሳንቲም ይሰጣቸው እንደ ነበር እናንተው ነግራችሁናል። አሁን ብዙ ጊዜ የሚመጣው በማተሚያ የተባዛ ሥዕል ነው፤ አለዚያም በስልክ የሚላክ መልእክት ነው። በመጪው መስከረም 1 ቀን አንድ ሕፃን በእርድ የተቀባ፣ ምናልባትም አንዱ ቅጠሉ የተጣመመ የወረቀት አበባ ይዞ ደጃችሁን ቢያንኳኳ፣ እባካችሁ በክብር ተቀበሉት፤ ገልብጣችሁም ጀርባውን እዩ። የአሮጌ ፈተና ጥያቄ ታገኙ ይሆናል። ከእርሱም በታች ሦስት ፊደል ቢኖር፣ የመጨረሻውም ቢገለበጥ፣ አትሳቁበት። ያ ልጅ ወደ ትምህርቱ እየተመለሰ ነው።